ብረቱን አየር ላይ ሰቅሎ የሄደ ሰው

አያ አዛናው ሞተ ብላ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ሞተሩ ስለሚጮህ በስልክ ደጋግማ ነገረችኝ። ሲገባኝ «ነፍስ ይማር» ልል አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን «ኤዲያ!» ነው።

«ምነው አንተ? ለሞተ ሰው ኤዲያ ይባላል?» አለችኝ።

ይባላል። እኔ አልሁ፤ አልጸጸትም። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት ሊናገራት የሚገባ አንዲት ነገር ነበረች፤ «ብረቱን ሰቅየ የሄድሁት እኔ ነኝ» የምትል። ይችን ብቻ። ሳይናገራት ሄደ። አባባ ይርጋ ደግሞ ያልሠሩትን ጥፋት ተሸክመው፣ በአንድ እግራቸውና በአንድ የፕላስቲክ እግር እያነከሱ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ታዲያ ምን ልበል? እሰይ አላልሁም እኮ! ኤዲያ ነው ያልሁት።

«ነገ ለቅሶ እንሄዳለን፤ እዚያ ደግሞ አፍህን ሰብስብ» ብላኝ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሰውየው ከፊቴ አልጠፋ አለ። የወደዱት ሰው ብቻ አይደለም የማይረሳ፤ የጠሉትም አይረሳም። እንዲያውም የጠሉት ይብሳል።

መልከ መልካም ነበር፤ ይኸን አልነፍገውም። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር። ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ ወገቡን ያመመው ሽማግሌ ሳይቀር ተነሥቶ ያጨበጭባል። ቄሶቹ ይወዱታል፣ ሴቶቹ ይወዱታል፣ ቀብላኑ፣ ማለቴ የሕንፃውን ሥራ የያዘው ተቋራጭ፣ ከሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር። በፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር፤ በዕድሜ ታላቄ ነው፣ እኔንም ያሳደገኝ ሥርዓት አለ። አሁን ግን አንቱታው ጉሮሮየ ላይ ይቆምብኛል። ስለዚህ «እሱ» እያልሁ ነው የምናገር፤ ቅር የሚለው ይለፈኝ።

ደግሞ ሽቶው! ከሥራ መኪናው ወንበር ሥር የሽቶ ጠርሙስ ያስቀምጥ ነበር። ከሥራ ሊወጣ ሲል አንገቱን፣ ብብቱን፣ አንዳንዴም ፀጉሩን ይረጨዋል። ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ላብና ሽቶ በአንድ ላይ ሲሸት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። እኔ አሁን እንኳ ሱቅ ውስጥ ያን ሽቶ ካሸተትሁ ያቅለሸልሸኛል፤ አፍንጫየን ይዤ ነው የምወጣ።

በዚያ ዘመን እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ኦሺዮት የሚባለው ሰፈር ገና እየተሠራ ነበር። ዛሬ ሰዉ መኪና ማቆሚያ አጣን እያለ የሚጣላበት ሰፈር ሁሉ አሸዋና የብርቱካን ተክል ነበር። ብርቱካኑን የነቀልነው እኛ ነን፤ እኔና አዛናው፣ ለአንድ ቀብላን ተቀጥረን፣ ሁለታችንም የባገር ሹፌሮች። ባገር የምንለው ያን መሬት የሚቆፍረውን ትልቁን መኪና ነው፤ ረጅም ክንድ አለው፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ካፍ የሚባለው ጥርሳም የብረት አካፋ አለ። ካፉ ብቻውን ላም ያስተኛል።

ይኸን መኪና መንዳት ማንም ይለምደዋል። ቁም ነገሩ ማቆሙ ነው። ደልዳላ ቦታ ትፈልጋለህ፣ ክንዱን ታጥፋለህ፣ ካፉን መሬት ላይ ታስተኛለህ። ሞተሩ በረድ እስኪል በዝግታ ታስኬደውና ታጠፋዋለህ። አላለቀም! ያን ሁሉ ብረት ወደ ላይ የሚይዘው በቱቦ ውስጥ ያለ ዘይት ነው፤ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ዘይቱ እንደ ታፈነ ይቆያል። የተቆጣ ሰው ዝም ስላለ በርዶለታል ማለት ነው? አይደለም። እጀታዎቹን ወዲያ ወዲህ እያልህ ግፊቱን ታስተነፍሰዋለህ፤ ከዚያ ማገጃውን ትዘጋለህ፣ ቁልፉን ትነቅላለህ፣ ወርደህ ትዞረዋለህ። ዘይት የሚያልበው ቱቦ እንዳለ ታያለህ። ያኔ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ይኸን ሁሉ ኮርስ ላይ ተምረናል፤ አዛናውም ከጎኔ ተቀምጦ ተምሯል። አላወቅሁም የሚል ሰው ቢሆን እንዲህ አልንገበገብም ነበር።

እሱ ምን ያደርጋል? ሞተሩ ገና እየተንተፋተፈ ዘሎ ይወርዳል። ቁልፉን ወደ ላይ ይወረውርና ሳያይ ይቀልበዋል። ካፉ እዚያው አየር ላይ ነው! ባዶውንም አይደለም፤ ቀብላኑ የሌባ ነገር ያስጨንቀው ስለነበር፣ አዛናው ኮምፕረሰሩን፣ ያን አየር የሚጨምቀውን ከባድ ሞተር፣ በሰንሰለት ካፉ ላይ አሥሮ፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ወደ ሰማይ አንሥቶ ሰቅሎት ይሄዳል። «ሌባ ክንፍ የለውም!» ይላል፤ ራሱ ይስቃል። ቀብላኑም «ኮል ሃካቮድ!» እያለ ጀርባውን ይመታዋል፤ ጎበዝ ማለቱ ነው። ጠዋት ስንመጣ ኮምፕረሰሩ ከነበረበት ወርዶ፣ ወገብ ላይ ደርሶ እናገኘዋለን።

«አያ አዛናው፣ ይኸ ነገር ሲወርድ ነው ያደረ። ቱቦው እያለቀ ነው መሰለኝ፤ አንድ ቀን በሰው ላይ ይወድቃል» አልሁት።

«ደክሞት ነዋ! አንተ ሌሊቱን ሙሉ እጅህን አንሥተህ ብታድር አይደክምህም?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። አሁንም አሁንም ነገርሁት፤ አሁንም አሁንም አሳቀብኝ። በመጨረሻ «ይኸ ፈሪ መጣ» ይሉኝ ጀመር። ይበሉኛ።

የቦታው ጠባቂ አባባ ይርጋ ነበሩ። እዚያው ረሆቮት፣ ክፋር ማርሞሬክ በሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ከቤቱ ጓሮ መዳፍ በምታህል መሬት ላይ ጎመንና ቃሪያ ይተክላሉ። እኒህ ሰው ነገር መንካት የሚባል የማይወዱ ሰው ናቸው። ሊፍት ውስጥ ገብተው፣ ሌላ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫንላቸው ቆመው የሚጠብቁ! የልጃቸውን ቴሌቪዥን እንኳ ከፍተው አያውቁም። «የማላውቀውን ነገር ነክቼ ቢበላሽ ምን እላለሁ?» ይላሉ። ይኸን ልብ በሉልኝ።

ዓርብ ቀን ነው፤ በጋ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ሰንበት ሳይገባ ቤቱ ለመድረስ ሰዉ ሁሉ ይጣደፋል። አዛናው እንደ ልማዱ ከሁሉ ቀድሞ ወረደ፤ ሽቶውን ተረጨ።

«ካፉን አያወርዱትም? ሁለት ቀን ሊቆም ነው እኮ!» አልሁት።

«ሌባ መቼ ሰንበት ያከብራል? ያላ፣ ሻባት ሻሎም!» አለ፤ በሉ፣ መልካም ሰንበት ማለቱ ነው። እያፏጨ ሄደ።

እኔ የራሴን መኪና አቆም ነበርና ወደ ኋላ ቀረሁ። አባባ ይርጋ የሚተካቸውን ጠባቂ ይጠብቃሉ። ጥላ የት አለ? ዛፉን ሁሉ እኛው ነቅለነዋል። የተሰቀለው ኮምፕረሰር መሬት ላይ ጥላ ጥሎ ነበር፤ ኮታቸውን አንጥፈው እዚያ አረፍ አሉ። እኔ ጀርባየን ሰጥቼ ነበር፤ አላየሁም። ድንገት እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማሁ፤ ቱቦው ነው የፈነዳው። ዞር ስል ክንዱ መሬት ላይ ነው፣ ዘይቱ እንደ ዝናብ ይረጫል። ሮጥሁ። ፊታቸው፣ ነጩ ጺማቸው፣ ሁሉ በዘይት ተነክሯል፤ አንዱ እግራቸው ከኮምፕረሰሩ ሥር ነው። ዘይቱ ትኩስ ነበር፤ ከደም ጋር ተቀላቅሎ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አይለቀኝም። እሳቸው አልጮሁም። «ጫማየን አውልቅልኝ ልጄ፣ አዲስ ነው፤ ልጄ ናት የገዛችልኝ» አሉኝ። ጫማው የት እንዳለ እኔ አየሁ፤ እሳቸው አላዩም። ሐኪሞቹ እግራቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

አሁን ወደ ይቅርታው ድንጋይ ልምጣ። በእኛ አገር ደንብ ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ከተበደለው እግር ሥር ይወድቃል። ድንጋይ የተሸከመን ሰው ይቅር አልልም ማለት ነውር ነው፤ እግዜርም አይወደውም። ደንቡን አልነቅፍም። ደንቡን ማን እንደ ተሸከመው ነው ነገሩ።

አባባ ይርጋ ሆስፒታል ተኝተው አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። አዛናው ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ድንጋይ ከየት አመጣ ብትሉ፣ ከሥራ ቦታ ነው፤ ለእግረኛ መንገድ የምናነጥፈው አዲሱ ጡብ! በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ዘበኛ «ይኸ ምንድን ነው?» ብሎ ይዞት፣ «ለጸሎት ነው» ብሎ ነው አሉ ያለፈው። ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ጡቡን ከቦርሳው አወጣ፣ ማጅራቱ ላይ አደረገ፣ ተንበረከከ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። የጎረቤት አልጋ በሽተኞች ቀና ቀና አሉ፤ ነርሷ «ምንድን ነው? ምን ሆነ?» እያለች በዕብራይስጥ ትጮኻለች።

«አባባ፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ! አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ!» አለና አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ አይቻለሁ።

«አንሡለት! ድንጋዩን አንሡለት! ይቅር ብየዋለሁ!» አሉ አባባ ይርጋ። ሊነሡ ሞከሩ እኮ! የሌለ እግራቸውን ሊያወርዱ።

ሽማግሌዎቹ ጡቡን አነሡለት። አዛናውም ተነሣ። ተነሥቶ ምን አደረገ? የሱሪውን ጉልበት አራገፈ። ከሁሉ በፊት! አባባ ይርጋ ስመው ሊያቅፉት እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ፣ እሱ ሱሪውን በግራ አራገፈ፣ በቀኝ አራገፈ፣ ጎንበስ ብሎም አየው። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ያን ሰው ሳየው ምራቄ ይመረኛል።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ እንዲህ አሉ፤ «እንግዲህ ይቅር ተባብላችኋል። ይቅር የተባለ ነገር ተመልሶ አይነሣም። ነገ ከመንግሥት መርማሪ ይመጣል፤ ይርጋ፣ የወንድምህን መንጃ ፈቃድ እንዳታስነጥቀው። ገመናችንን ለባዕድ አናወጣም።»

መርማሪው መጣ። እኔን ጠየቀኝ፤ አንድ ሳላስቀር ነገርሁት። ካፉ ተሰቅሎ ነበር፣ ቁልፉ አዛናው ኪስ ነበር፣ ቱቦው ያልበው ነበር፣ ደጋግሜ ተናግሬ ነበር። «ሲወድቅ አይተሃል?» አለኝ። «ጀርባየን ሰጥቼ ነበር» አልሁ። አዛናውን ጠየቀው፤ «እኔ አውርጄ ነው የሄድሁ» አለ። ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ሳያፍር! ቀብላኑም «እሱ ሁልጊዜ ያወርዳል» አለ። ወደ አባባ ይርጋ ዞረ። ይዟት የመጣው አስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩና «እኔ ነካክቼው ይሆናል» አሉ።

ነካክቼው! ሊፍት የማይነኩት ሰውዬ! ኧረ የሰው ያለህ! የወረደን ካፍ ወጥቶ አነሣው፣ ሞተሩን ያለ ቁልፍ አስነሣው፣ ከዚያ ሮጦ ወርዶ ከሥሩ እግሩን ዘረጋ ማለት ነው? መርማሪው ግን ምን ያድርግ፣ የተጎዳው ራሱ ያለውን ጻፈና ሄደ።

«ምነው አባባ? ምነው?» አልኋቸው።

«ድንጋይ ተሸክሞ መጣ እኮ ልጄ። ከዚያ ወዲያ ምን አፍ አለኝ?» አሉኝ።

በሳቸውም ተናደድሁ። ይኸው ተናገርሁት። ይቅር ማለት ሌላ፣ ሐሰት መናገር ሌላ። የኛ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የሚበላቸው።

ወሬው ወዲያው ከተማውን ዞረ። «ሽማግሌው ነካክቶ በራሱ ላይ ጣለው» ተባለ። ስም ወጣላቸው፤ «አባባ ነካ ነካ»። ምኩራብ ውስጥ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ሲሉ «ኧረ እንዳይነኩት!» የሚል አይጠፋም፤ ሁሉም ይስቃል። ዘመድ ቤት ሲገቡ ሕፃናቱ አሻንጉሊታቸውን ይሸሽጋሉ። እሳቸውም ፈገግ ይሉና እጃቸውን ጉልበታቸው መካከል ያስገባሉ። ይኸን አይቶ የማይታመም ሰው ሆድ የለውም።

አዛናውስ? አዛናው አስተማሪ ሆነ! እውነቴን ነው። ከአደጋው በኋላ እናት ልጇን እንደምታስተኛ ካፉን በቀስታ ያስተኛው ጀመር። ቀብላኑ አዲስ ሹፌር ሲቀጥር «አዛናው ያሳያችሁ» ይላል። ሲያስተምር ደግሞ ተውት፣ ጎበዝ ነው፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ደልዳላ ቦታ፣ ካፉ መሬት፣ ግፊቱን ማስተንፈስ፣ ማገጃው፣ ቁልፉ፤ አንድ አይስትም። መጨረሻ ላይ ታሪክ ይጨምራል፤ «አንድ እጁ የማያርፍ ሽማግሌ ነበረን...» ብሎ፣ ሽማግሌው እንዴት እየተንጠራራ እንደ ወጣ በእጁ እያሳየ። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

አንድ ቀን ሰው መሃል ሄጄ «አያ አዛናው፣ ካፉን ማን ሰቀለው?» አልሁት።

እጁን ትከሻየ ላይ ጣል አደረገ። «ወንድሜ፣ ታሪኩ ካስተማረ፣ ማን እንደ ሰቀለው ምን ያደርግልሃል?»

በሳምንቱ ሥራውን ለቅቄ አሽዶድ ከተማ ሥራ ያዝሁ። ጠዋት ጠዋት ረሆቮት ባቡር ጣቢያ ቆሜ ነፋሱን ስስብ፣ ቢያንስ ሽቶው የለም እል ነበር። ሠርግ ላይ ግን እንገናኛለን፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ያቅፈኛል። እጁን ይዤ ገለል አድርጌ «ምኩራብ ውስጥ አንዲት ቃል ይናገሩላቸው። ፈቃድዎን አሁን ማንም አይወስድብዎትም» እለዋለሁ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ እናገራለሁ፤ ይመቸኝ ብቻ» ይላል። በየበዓሉ ፍራፍሬ ተሸክሞ አባባ ይርጋ ቤት ይሄድ ነበር፤ ሰው እንዲያየው በዋናው መንገድ። ፍራፍሬ! ኋላም ታመመ። ታሞ ሳለ ሰው ልኬበት ነበር፤ «ሲሻለኝ» ብሎ መለሰልኝ። አልተሻለውም።

ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ኦሺዮት ሕንፃዎቹ መካከል ተተክሏል፤ ምናልባት ያን መሬት የቆፈርነው እኔና እሱ ነን። ባለቤቴ ክንዴን ይዛኛለች፤ እንዳልናገር ነው። ሚስቱና ልጆቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሆስፒታል የመጡት ትልቁ ሽማግሌ «ደግ ነበር፣ ሰው የማያስቀይም፣ ለእርቅ የቀደመ» እያሉ ያወድሱታል። አባባ ይርጋ በልጃቸው ተደግፈው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ሰላም ስላቸው እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

አሳፍ የሚባል የባገር ሹፌር ተነሣ። ጎልማሳ ነው፣ ባለ ትዳር፤ አዛናው ያሠለጠነው ነው። ዕብራይስጡንና አማርኛውን እያቀላቀለ «እኔ በሕይወት ያለሁት በአያ አዛናው ነው። ከእንግዲህ አዲሶቹን የማስተምር እኔ ነኝ፤ እሱ እንደነገረን እነግራቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ነበር ይለን ነበር፣ እጁ የማያርፍ፣ እጀታውን ነካ...» አለ። የማያውቁት ፈገግ አሉ። የሚያውቁት መሬት መሬት አዩ። አሳፍ ሽማግሌው ማን እንደሆኑ አያውቅም።

ልነሣ ስል አባባ ይርጋ ጉልበቴን ተጫኑት። «ተው። የኔ ነው» አሉኝ። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ያ ሽማግሌ እኔ ነኝ» አሉት። «አልነካሁም። ሰቅሎት የሄደው እሱ ነው። ይቅር ብየዋለሁ፤ ዛሬም ይቅር ብየዋለሁ። ዝም ያልሁት በሕይወት ሳለ እንዳያፍር ብየ ነው። አሁን እፍረት ወደሌለበት ሄዷል። እኔ ግን ገና እዚሁ ነኝ።»

ከዚያስ? ወይ የኛ ሰው! ትልቁ ሽማግሌ «ኧረ ይርጋ፣ በለቅሶ? ይቅር የተባለ ነገር!» አሉ። ከኋላ አንዱ «እርጅና ነው፤ ውኃ ስጧቸው» አለ። እውነት ለተናገረ ሰው ውኃ! ብርጭቆውን እጃቸው ውስጥ ከተቱ፣ ትከሻቸውን ይዘው ሊያስቀምጧቸው ገፋ ገፋ አደረጓቸው። የባለቤቴን እጅ አላቅቄ ልሄድባቸው ተነሣሁ።

«ተዉአቸው!» አለች የአዛናው ሚስት ከፍራሹ ላይ። ቀና ሳትል ነው። «ይጨርሱ።»

የያዟቸው እጆች ተራ በተራ ለቀቁ። አሳፍ እስካሁን አልተቀመጠም፤ ፊቱ ዓመድ መስሏል።

«አባባ፣ ይቅርታ... እኔ አላወቅሁም። ታዲያ ምን ብየ ላስተምራቸው?»

«እስቲ ንገረኝ፣ ልስማህ።»

«አንድ ሹፌር ነበር» አለ አሳፍ፣ እየፈራ። «ካፉን አየር ላይ ሰቅሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ከሥሩ ተቀምጦ ነበር።»

«ሽማግሌው ምን ነካ?»

«ምንም አልነካም።»

«ጮክ በል፤ እዚያ ጥግ ያሉት አልሰሙህም» አሉት።

አሳፍ ወደ ሰዉ ዞሮ ደገመው።